የሰባተኛ ክፍል ልጄን የላክሮስ ክለብ መረጣት፤ ልክፈል ወይስ ልተው?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ 12 ዓመቷ ነው፤ ሰባተኛ ክፍል ናት። ጫፉ ላይ መረብ ባለው በትር ኳስ የሚወረወርበትንና የሚቀለብበትን ላክሮስን በሰፈር ሊግ ሁለት ዓመት ተጫውታለች፤ በጣም ትወደዋለች። ባለፈው ሳምንት አንድ ክለብ ፈትኖ ለሦስተኛው ቡድን እንደመረጣት ጻፈልን። የዓመቱ ክፍያ 2,900 ዶላር፣ የመለያ ልብስ 450 ዶላር ነው። በጁንና በጁላይ አምስት ውድድሮች አሉ፤ አራቱ ደላዌር፣ ፔንሲልቬንያና ኒው ጀርሲ ናቸው። እስከ ዓርብ 500 ዶላር ቀብድ ካልከፈልን ቦታው ለሌላ ልጅ ይሰጣል ተብለናል። የሥራ ባልደረባዬ ‹አሁን ካልገባች የኮሌጅ ስኮላርሺፕ አታገኝም› ትለኛለች። ባለቤቴ ደግሞ ‹ገንዘባችንንም እሑዳችንንም ሊወስዱብን ነው› ይላል። ምን ይመክሩናል?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ከቀብዱ ልጀምር፤ እንቅልፍ የነሳዎት እርሱ ይመስለኛልና። እስከ ዓርብ አይክፈሉ። ለክለቡ ደውለው አንድ ሳምንት ጨምሩልን ይበሉ። በሦስተኛው ቡድን ያለ የአንዲት የ12 ዓመት ልጅ ቦታ በሰባት ቀን የሚያመልጥ ነገር አይደለም። አንድ ሳምንት የሚነፍግዎት ክለብ ከሆነ፣ ነገ ልጅዎ ስትታመም ወይም ፈተና ሲደራረብባት እንዴት እንደሚይዛት ከአሁኑ አሳይቶዎታል።

እኔ በዚሁ በሜሪላንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሜዳ ዳር 14 ዓመት የቆምኩ የስፖርት ጉዳት ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ቁርጭምጭሚት ማሰር፣ ጉልበት መመርመር፣ ራሷን የተመታች ልጅ ወደ ጨዋታ እንዳትመለስ መከልከል ነው። ወላጆች ግን አጠገቤ ሲቆሙ ከጉልበት ይልቅ ስለ ገንዘብና ስለ ኮሌጅ ይጠይቁኛል፤ አማርኛዬን የሰሙ የአገራችን ሰዎች ደግሞ ከሁሉም አብልጠው። ስለዚህ የምጽፍልዎት ከሕክምናው አልፎ ይሄዳል።

ባልደረባዎ የነገረችዎት ነገር አንድ ሰሞን እውነትነት ነበረው። እ.ኤ.አ. እስከ 2017 ድረስ የኮሌጅ አሰልጣኞች የስምንተኛና የዘጠነኛ ክፍል ልጃገረዶችን ጭምር በቃል ያስማሙ ነበር። አንዲት ልጅ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቷን ደጃፍ በወጉ ሳትረግጥ ዩኒቨርሲቲዋ ታወቀ ይባል ነበር። በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ ይህንን ዘጋው። አሁን የአንደኛ ዲቪዚዮን፣ ማለትም ከሦስቱ የኮሌጅ ስፖርት እርከኖች የከፍተኛው፣ የላክሮስ አሰልጣኝ አንዲትን ተማሪ ስለ ምልመላ ማነጋገር የሚችለው አሥራ አንደኛ ክፍል በምትገባበት ዓመት፣ ከሴፕቴምበር 1 ጀምሮ ነው። ልጅዎ እዚያ ለመድረስ ከሦስት ዓመት በላይ ይቀራታል። በእነዚህ ዓመታት ቁመቷ ይለወጣል፣ ፍጥነቷ ይለወጣል፣ ምናልባት የምትወደው ስፖርትም ይለወጣል። ሰባተኛ ክፍል ላይ «መታየት አለባት» የሚልዎት ሰው የሚናገረው ስላለፈ ዘመን ነው።

ስኮላርሺፑ ራሱስ ስንት ነው? እስከ 2025 ድረስ አንድ የአንደኛ ዲቪዚዮን የሴቶች ላክሮስ ቡድን መስጠት የሚችለው ቢበዛ 12 ሙሉ ስኮላርሺፕ ነበር፤ እርሱም እየተቆረሰ ለ30 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ተጫዋቾች ይከፋፈል ነበር። 12ን ለ30 ቢያካፍሉት ለእያንዳንዷ ከግማሽ በታች ይደርሳታል፤ ያውም ዩኒቨርሲቲው 12ቱንም የሚሰጥ ከሆነ ነው። በጁን 2025 የጸደቀው የፍርድ ቤት ስምምነት ይህን ጣሪያ አነሣው፤ በምትኩ ስምምነቱን የተቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች ቡድናቸው ከ38 ተጫዋች እንዳይበልጥ ገደበ። ከ12 በላይ ስኮላርሺፕ መስጠት ተፈቀደ እንጂ ግዴታ አልሆነም። በሁለተኛ ዲቪዚዮን ለአንድ ቡድን የተፈቀደው 9.9 ሙሉ ስኮላርሺፕ ነው። ብዙ የሴቶች ላክሮስ ቡድኖች የሚገኙበት ሦስተኛው ዲቪዚዮን ደግሞ በስፖርት ስም ምንም አይከፍልም። ሃርቫርድን፣ ፕሪንስተንንና ዬልን የመሳሰሉት የአይቪ ሊግ ዩኒቨርሲቲዎችም በስፖርት ስም ስኮላርሺፕ አይሰጡም።

ላክሮስ የኮሌጅ በር አይከፍትም እያልኩ አይደለም፤ ይከፍታል። በቨርሞንት ያለውን ሚድልበሪን የመሰለ፣ በሦስተኛው ዲቪዚዮን ዋንጫ በተደጋጋሚ የሚያነሣ ኮሌጅ የማመልከቻ ክምር ውስጥ የአሰልጣኙ ድጋፍ ያለው ስም ተለይቶ ይታያል። ነገር ግን ያ በር የሚከፈተው ማርኳ ጥሩ ለሆነ ልጅ ነው፤ ከገባች በኋላ የሚሰጣት የገንዘብ እርዳታም የሚታየው በቤተሰቧ ገቢ ነው። ስለዚህ በእኛ ቤት እውነተኛው የስኮላርሺፕ ልምምድ አልጀብራዋ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እስቲ የእርስዎን ሒሳብ አብረን እንሥራው። 2,900 እና 450 ሲደመር 3,350 ይሆናል። ከሜሪላንድ ውጭ ላሉት አራት ውድድሮች ሁለት ሁለት ሌሊት ሆቴል፣ ሌሊቱን በ200 ዶላር ብናስበው 1,600 ነው። ለነዳጅ፣ ለመንገድ ክፍያና ለምግብ በአንድ ውድድር 150 ብንይዝ 750 ይጨመራል። ድምሩ 5,700 ዶላር ነው። ታናሽ ወንድም ወይም እህት አብሮ ሲሄድ የሚበላውን፣ ባለቤትዎ ትርፍ ሰዓት ያልሠራበትን ቅዳሜ አልቆጠርኩም። እስከ አሥራ አንደኛ ክፍል አምስት ዓመት ብትቀጥል፣ ክፍያው ባይጨምር እንኳ 28,500 ዶላር ነው። ይህንኑ ገንዘብ በሜሪላንድ የ529 የትምህርት ቁጠባ ሒሳብ ቢያስቀምጡት፣ ከማደጉም በላይ በየዓመቱ ለአንድ ልጅ እስከ 2,500 ዶላር ከግዛቱ ግብር ከሚታሰብበት ገቢዎ ይቀነስልዎታል። ዓላማው የኮሌጅ ክፍያ ከሆነ መንገዱ ይህ ነው። ክለቡ የሚያዋጣው በሌላ ምክንያት ከሆነ ብቻ ነው።

ሌላ ምክንያት ደግሞ አለ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ጥሩ ክለብ ያደገች ልጅ በሩቅ ትታወቃለች። ስትሸነፍ ዓይኗን አትሰብርም፤ የማታውቀውን አሰልጣኝ ቀርባ ትጠይቃለች፤ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ትምህርት ቤት ጓደኞች አሏት። አሥራ ሦስትና አሥራ አራት ዓመት ለሴት ልጅ አስቸጋሪ ዕድሜ ነው፤ ስልኳን ከረጢት ውስጥ ጥላ ሁለት ሰዓት የምትሮጥበት ቦታ ማግኘቷን አቅልዬ አላየውም። ለፒያኖ ወይም ለመዋኛ እንደሚከፈለው፣ ዘንድሮ ለምታገኘው ደስታና ትምህርት የሚከፈል ከሆነና ቤቱ ከቻለ፣ ገንዘቡ አልባከነም። የሚባክነው ከስድስት ዓመት በኋላ ይመለሳል ተብሎ ሲከፈል ነው። ያን ጊዜ ልጅቷ ዕዳ ተሸክማ ነው የምትጫወተው። መኪና ውስጥ «ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ብር የከፈልነው?» የተባለች ልጅ በማግስቱ ሆዴን አመመኝ ብላ ክፍሌ ስትመጣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

አሁን ዋናው ጥያቄዬ ላይ ደረስን፦ ሦስተኛ ቡድን ማለት ምን ማለት ነው? ትላልቅ ክለቦች በአንድ የዕድሜ እርከን ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቡድን ያቋቁማሉ። ክፍያው ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ የሚገኘው ግን አንድ አይደለም። በክለቡ ማስታወቂያ ላይ ፎቶዋ ያለው፣ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ የተጫወተችው አሰልጣኝ አንደኛውን ቡድን ታሠለጥናለች። ሦስተኛውን ዘንድሮ የተቀጠረች የኮሌጅ ተማሪ ልትይዘው ትችላለች። እርሷም ድንቅ ልትሆን ትችላለች፤ አንዳንዴ ከዋናዋ የተሻለ ትዕግሥት ያላቸውን አይቻለሁ። ግን ማን እንደሆነች ሳያውቁ አይክፈሉ። የሦስተኛው ቡድን ወላጆች ገንዘብ የአንደኛውን ቡድን ጉዞ የሚደግፍባቸውን ክለቦችም አውቃለሁ፤ ይህን ወላጆቹ የሚያውቁት ዓመቱ ካለቀ በኋላ ነው።

ስለዚህ ሲደውሉ የሦስተኛው ቡድን አሰልጣኝ ማን እንደሆነች፣ ከልጆች ጋር ለመሥራት የሚያስፈልገውን የጀርባ ታሪክ ምርመራና ሴፍስፖርት የሚባለውን፣ ልጆችን ከጥቃት የመጠበቅ ሥልጠና ጨርሳ እንደሆነ ይጠይቁ። ቡድኑ ስንት ልጅ እንደሚመዘግብም ይጠይቁ። በሴቶች ላክሮስ በተለመደው ጨዋታ ሜዳ ላይ የሚሰለፉት ከግብ ጠባቂዋ ጋር 12 ናቸው። 24 ከተመዘገቡ ግማሹ ሁልጊዜ ውጭ ነው። አንድ ውድድር አምስት የ40 ደቂቃ ጨዋታ ቢኖረው 200 ደቂቃ ነው፤ በእኩል ቢካፈል ልጅዎ 100 ደቂቃ ትጫወታለች፤ በእኩል ካልተካፈለ 50። ኒው ጀርሲ ድረስ ሁለት ሌሊት አድራችሁ 50 ደቂቃ ከሆነ፣ እዚሁ ሰፈር ቅዳሜ ጠዋት በ60 ደቂቃ የምታገኘውን አታገኝም ማለት ነው። በዚህ ዕድሜ ኳስ የምትነካ ልጅ ናት የምትሻሻለው። ባለፈው ዓመት ከሦስተኛው ወደ ሁለተኛው ቡድን ስንት ልጆች እንዳለፉ መጠየቅም መብትዎ ነው። ግልጽ ቁጥር የሚነግርዎት ክለብ ያከብርዎታል።

ወደ ሥራዬ ልመለስ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2016 ባወጣው ምክር፣ አንድን ስፖርት ብቻ መርጦ መያዝ ቢቻል እስከ 15 ወይም 16 ዓመት ይቆይ፣ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ዕረፍት ይኑር፣ ከሚዘወተረው ስፖርት በዓመት ውስጥ አንድ አንድ ወር ተደርጎ ተከፋፍሎ ቢያንስ ሦስት ወር ይታረፍ ይላል። የክለቡን የዓመት ሰሌዳ ያስመጡና ከዚህ ጋር ያስተያዩት። በበልግ ልምምድ፣ በክረምት አዳራሽ ውስጥ፣ በጸደይ የሰፈር ሊግ ከክለቡ ጋር ተደርቦ፣ በሙቀቱ ወራት ውድድር ከሆነ ሦስቱ ወራት ከየት ይመጣሉ?

ይህን የምለው በጉልበት ምክንያት ነው። ሴት ልጆች ጉርምስና ላይ ሲደርሱ፣ ሩጦ ድንገት መቆምና መዞር ባለበት ስፖርት ሁሉ፣ የጉልበታቸው የፊተኛው ተሻጋሪ ጅማት የመበጠስ ዕድሉ ከወንዶቹ ይበልጣል። አንዲት የአሥረኛ ክፍል ልጅ አስታውሳለሁ፦ በሳምንት አምስት ቀን ከትምህርት ቤት ቡድን ጋር፣ እሑድ ከክለቡ ጋር፣ አንድ ምሽት ደግሞ ከግል አሰልጣኝ ጋር ትሠራ ነበር። አንድ ማክሰኞ ማንም ሳይነካት፣ ለመዞር እግሯን ስትተክል ወደቀች። ድምፁን ከሜዳው ዳር ሰማሁት። ድካም ብቻውን በጠሰው አልልም፤ ግን ያን ሳምንት እግሯ ከብዶ ሲጎተት ሁላችንም እያየን ነበር። ቀዶ ሕክምናውና ማገገሚያው ከዘጠኝ ወር በላይ ወሰደባት። ከልምምድ በፊት 15 ደቂቃ የሚሠራ፣ አዘላለልንና አቋቋምን የሚያስተካክል የማሟሟቂያ እንቅስቃሴ ይህን ጉዳት እንደሚቀንስ በጥናት ተረጋግጧል። ክለቡ ይህን ይሠራል ወይ ብለው ይጠይቁ። «ሁለት ዙር እናሮጣቸዋለን» ካሉዎት አይሠሩም ማለት ነው።

ስለ ራስ ጉዳት ባጭሩ፦ ኳሱ ጠጣር ጎማ ነው። በሴቶች ጨዋታ የዓይን መከላከያ መነጽርና የጥርስ መከላከያ ግዴታ ነው፤ የወንዶቹ ዓይነት ጠንካራ የራስ ቁር ግን የለም። ለስላሳው የራስ መከላከያ በፍሎሪዳ ከ2018 ጀምሮ ግዴታ ሆኗል፤ በአብዛኛው ሌላ ቦታ ግን ምርጫ ነው። እኔ ለልጄ እገዛላት ነበር።

የባለቤትዎን ቃል አላልፈውም። እሑድን አንሥተዋል፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ውድድሮቹ ቅዳሜና እሑድ ናቸው፤ ከቅዳሴ በኋላ ብቻ የሚጫወት ቡድን አላየሁም። አንዳንድ ቤተሰብ በዓመት አምስት እሑድ እንለቃለን፣ የቀሩትን አንነካም ብሎ ከመጀመሪያው ከአሰልጣኙ ጋር ይስማማል፤ ይህ የሚሠራው ቀድሞ ሲነገር ነው። የጁላይ መጀመሪያም ችግር ነው። የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ በየዓመቱ የሚያካሂደው የእግር ኳስ በዓል የሚውለው በዚያው ሰሞን ነው። ዘመድ የሚሰበሰብበትን፣ ልጅዎ የአጎቷን ልጆች የምታይበትን ሳምንት ለሦስተኛ ቡድን ተቀያሪነት መስጠት እኔ አይመቸኝም።

ጾምም አለ። ዐቢይ ጾም የሚውለው በላክሮስ ወቅት መሐል ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትቀምስ ቆይታ በዘጠኝ ተኩል ሜዳ የምትገባ ልጅ ራሷን ትስታለች፤ ሆኖብኝ ያውቃል። ሰውነቷ እያደገ፣ የወር አበባዋ እየጀመረ ባለበት ዕድሜ የብረት እጥረትም ያሳስበኛል። መጾሟን አልቃወምም፤ ሰዓቱን ግን ከንስሐ አባቷ ጋር ተነጋግራችሁ ወስኑ። ምስር፣ ሽሮና ጎመን ከጤፍ እንጀራ ጋር በልምምድ ቀን ጠዋት ከቁርስ ሰሃን ላይ ቢገኙ፣ ውኃም አብሯት ቢሄድ፣ የጾም ምግባችን ለስፖርተኛ የሚያንስ አይደለም።

እርስዎ ያልጠየቁኝ፣ እኔ ግን የማልዘለው አንድ ነገር አለ። ልጅዎ በዚያ ቡድን ብቸኛዋ ጥቁር ልጅ ልትሆን ትችላለች። ላክሮስ ሆዴኖሾኒ የሚባሉት የዚህች ምድር ነባር ሕዝቦች እንደ ጸሎትና እንደ ፈውስ የሚጫወቱት ጨዋታ ነበር፤ ዛሬም ይጫወቱታል። በሜሪላንድ በ2004 የግዛቱ የቡድን ስፖርት ተብሎ በሕግ ተደንግጓል። ክለቦቹ ያደጉት ግን ገንዘብ ባላቸው ነጭ ሰፈሮች ነው፤ ይህም ሜዳው ላይ ይታያል። ለልጅዎ ስለ ቲና ስሎን ግሪን ይንገሯት። በአሜሪካ የሴቶች ላክሮስ ብሔራዊ ቡድን የተጫወተች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት፤ በአሰልጣኝነትም የቴምፕልን ዩኒቨርሲቲ በ1984 እና በ1988 ለአገር አቀፍ ዋንጫ አብቅታለች። ልምምድ ሲያዩ ደግሞ አሰልጣኟ የልጆቹን ስም አስተካክላ ለመጥራት ትሞክር እንደሆነ ያዳምጡ። ስሟን በትክክል ለመጥራት የምትደክም አሰልጣኝ ልጅዎን በሌላውም ነገር አትረሳትም።

እንግዲህ ውሳኔውን ለእኔ ቢተዉልኝ፣ ዘንድሮ አልከፍልም። በሰፈር ሊጉ ትቀጥል፤ በክረምት ቅርጫት ኳስ ትጫወት። የቅርጫት ኳስ የመከላከል እግር አሠራር ለላክሮስ እንዴት እንደሚጠቅም አሰልጣኞች ሁሉ ያውቃሉ። በየቀኑ 15 ደቂቃ ኳሷን ከግንብ ጋር በቀኝም በግራም እጇ ትወርውር፣ ትቀበል፤ ያለ ምንም ክፍያ ይህን ያህል የሚያሻሽል ሌላ ነገር የለም። በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ዘጠነኛ ክፍል ላይ በትሩን ለመጀመሪያ ጊዜ የጨበጡ ልጆች የሚገቡባቸው ቡድኖች አሉ፤ እርሷ በሰፈር ሊግ ያሳለፈቻቸውን ዓመታት ይዛ ትደርሳለች። ባልቲሞር አካባቢ ካሉት፣ በላክሮስ ስማቸው ከገነነው የግል ትምህርት ቤቶች አንዱን ብታስቡ ኖሮ ምክሬ ይለወጥ ነበር፤ ክለብ ውስጥ ሳይጫወቱ እዚያ ቡድን መግባት በጣም ከባድ ነው።

ሐሳቤን የሚያስቀይረኝ አንድ ነገር ልጅዎ ራሷ ናት። ማንም ሳያዛት በትሩን ይዛ ወደ ጓሮ የምትወጣ ከሆነ፣ ከሰፈር ሊጉ ልጆች ጋር መጫወት ከሰለቻት፣ ክለቡም ለጥያቄዎችዎ ቀጥተኛ መልስ ከሰጠ፣ ሁለት ውድድር ብቻ ያለው ቅርብ ቡድን ይፈልጉላት፤ ካጡም ስምንተኛ ክፍል ስትጨርስ እንደገና ትሞክር።

ደግሞም ከመወሰንዎ በፊት አንድ ምሽት ባለቤትዎን ይዘው፣ ለክለቡ ሳይነግሩ፣ የሦስተኛውን ቡድን ልምምድ ይመልከቱ። ኳስ ያለበትን ቦታ አይዩ። ስህተት ሠርታ ከሜዳ የወጣችውን ልጅ ይከተሉና አሰልጣኟ ወደ እርሷ ሄዳ እንደሆነ ይዩ።